ደቂቃዋ የት ላይ ጠፋች?

ምሩጽ ይፍጠር በ1980 የሞስኮ ኦሊምፒክ በ10,000 እና በ5,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ወሰደ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሁለቱም ሩጫዎች እስከ ዛሬ የሚተረከው ግን የመጨረሻው ዙር ነው፤ «ማርሽ ቀያሪው» የሚለውን ስም ያተረፈለትም ይኸው አጨራረሱ ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ ስታሸንፍ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በ2000 ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ሲቀድም በዓይናችን የቀረው የመጨረሻው ዙር ደወል ከተደወለ በኋላ የሆነው ብቻ ነው። በ10,000 ሜትር ከዚያ በፊት ያለፉትን 24 ዙሮች የሚያስታውስ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ይህ ትዝታ በልምምድ ሜዳ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። አንድ ልጅ በተሸነፈ ቁጥር ከዳር የሚሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ «አጨራረስ ይጎድልሃል» ይባላል። ልጁም ሳምንቱን ሙሉ መቶ ሜትር እየተፈተለከ ይሰነብታል። ምክሩ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ግን ማንም አልለካውም። የተሸነፈባት ደቂቃ የት ላይ እንደጠፋች የሚናገረው ዓይን ሳይሆን በደብተር ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያንን ቁጥር እንዴት መያዝና እንዴት ማንበብ እንደሚቻል ማስረዳት ነው።

ዓይን እንዲህ እንደሚያሳስት በደንብ የታየው ከሩጫ በራቀ ስፖርት፣ በጎልፍ ነው። ጎልፍ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው፤ ገና የተጫወተ ሰው ግን ቶሎ ይገባዋል። እንደ ገናው ሁሉ ትንሽ ኳስ በዱላ ይመታል፤ ልዩነቱ ኳሷ የምትገባው ራቅ ብላ ወደተቆፈረች ጉድጓድ መሆኑና ባነሰ ምት የጨረሰው አሸናፊ መባሉ ነው። ተመልካቹም ተጫዋቹም ለብዙ ዘመን ያመኑት ነገር ነበር፦ አሸናፊው የሚለየው ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ በመጨረሻዋ ቀስ ያለች ምት ነው። ማርክ ብሮዲ የሚባል የኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር በአሜሪካ የባለሙያዎች ውድድር ላይ የተመዘገበውን የእያንዳንዱን ምት ልክ ወስዶ ማስላት ጀመረ። የጠየቀው ቀላል ጥያቄ ነው። ኳሷ እዚህ ቦታ ላይ ስትሆን ጎበዝ ተጫዋች በአማካይ በስንት ምት ይጨርሳል? ይህኛው ተጫዋች በዚህች ምት ከዚያ አማካይ አተረፈ ወይስ ከሰረ? በ2014 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ምርጦቹ ከሌሎቹ ከሚበልጡበት ልዩነት ውስጥ ጉድጓዱ አፍ ላይ የሚገኘው 15 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው የሚመጣው ማንም ትኩረት ከማይሰጣቸው፣ ከሩቅ ከሚመቱ ምቶች ነው።

ብሮዲ ያደረገው ጠቅላላውን ውጤት መበተን ነው። ሩጫንም እንዲሁ መበተን ይቻላል፤ እንዲያውም ሩጫ ላይ ሥራው ይቀላል። ኮምፒዩተር አያስፈልግም። ከደሴ ተነስቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ አልፎ መካነ ሰላም በሚገባው መንገድ ዳር ለሚኖር ልጅ ወይም ለስፖርት መምህሩ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ሰዓት የሚይዝ ስልክና ዳር ቆሞ የሚመዘግብ አንድ ጓደኛ ይበቃል።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማሳያ ያህል የተቀመጡ ናቸው። አንድ የ17 ዓመት ልጅ 5 ኪሎ ሜትር በ17 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ጨረሰ እንበል። አብሮት የሮጠው ልጅ በመጨረሻው 300 ሜትር ጥሎት ሄዷል። ያየው ሰው ሁሉ «አጨራረስ!» ይላል። ጓደኛው ግን በየኪሎ ሜትሩ ሰዓቱን ጽፎ ነበር፤ ደብተሩ እንዲህ ይላል፦ 3:10፣ 3:22፣ 3:36፣ 3:46፣ 3:36።

ይህን መስመር ቀስ ብለን እናንብበው። 17:30 ለአምስት ሲካፈል አማካዩ 3:30 ነው። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ከአማካዩ 20 ሰከንድ ፈጥኗል። አራተኛው ደግሞ 16 ሰከንድ ዘግይቷል። የመጨረሻው ከአራተኛው 10 ሰከንድ የተሻለ ነው፤ ከሦስተኛው ጋር እኩል ነው። እንግዲህ ልጁ አጨራረስ አለው። ያጣው ሦስተኛውንና አራተኛውን ነው፤ እነዚህን ያሳጣው ደግሞ የመጀመሪያው ነው። መጀመሪያ ላይ ጓደኞቹ «በርታ!» ሲሉት፣ እግሩ ትኩስ ሳለ፣ ከአቅሙ በላይ ከፈለ። ከአቅም በላይ በተሮጠ ቁጥር ጡንቻ ያለ በቂ ኦክስጅን ለመሥራት ይገደዳል፤ ያ ዕዳ የሚከፈለው ከሩጫው በኋላ ሳይሆን እዚያው ሩጫው መሃል ነው። ይህን ልጅ ሳምንት ሙሉ መቶ ሜትር ማስሮጥ ያለበትን በሽታ ትቶ የሌለበትን ማከም ነው።

ታላላቆቹም የሚሠሩት በዚሁ ሒሳብ ነው። ቀነኒሳ በቀለ በ2005 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26:17.53 ሲሮጥ ያስመዘገበው ክብረ ወሰን 15 ዓመት ቆሟል። ያንን ሰዓት በ25 ዙር አካፍሉት፤ ለእያንዳንዱ ዙር 63.1 ሰከንድ ይደርሰዋል። የመጀመሪያውን 5,000 ሜትር በ13:09፣ ሁለተኛውን በ13:08 ነው የሄደው። በዓለም ላይ አጨራረሱ ከሚፈሩት ሰዎች አንዱ የሆነው ቀነኒሳ፣ ትልቁን ሰዓቱን ያገኘው ሁለቱን አጋማሾች በአንድ ሰከንድ ልዩነት አስተካክሎ ነው። ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ በ2:11:53 የዓለምን ክብረ ወሰን ስትሰብር የመጀመሪያውን አጋማሽ በ66:20፣ ሁለተኛውን በ65:33 ሮጣለች።

ተቃራኒውንም ማየት ያስፈልጋል። በ2021 የበርሊን ማራቶን ከፊት የነበሩት ሯጮች አጋማሹን ከ61 ደቂቃ በታች አለፉ። ቀኑ ሞቃት ነበር። ጉዬ አዶላ በጥንካሬው አሸነፈ፤ ሁለተኛው አጋማሽ ግን ከ64 ደቂቃ በላይ ፈጀበትና በ2:05:45 ገባ። በ2023 ቺካጎ ላይ ኬንያዊው ኬልቪን ኪፕተምም አጋማሹን ከ61 ደቂቃ በታች ነው ያለፈው፤ ሁለተኛውን ከ60 ደቂቃ በታች ሮጦ በ2:00:35 ጨረሰ። አጋማሹ ላይ ሰዓት የያዘ ሰው ሁለቱን ሩጫዎች መለየት አይችልም ነበር። ማብቂያው ላይ የተለያዩት በ5 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ነው።

አሁን ወደ ሜዳው እንመለስ፤ የሚበዛው ስሕተት የሚገባው እዚያ ነውና። ብዙ ልጆች የኳስ ሜዳ ዙሪያውን እየሮጡ «አንድ ዙር 400 ሜትር» ብለው ይቆጥራሉ። ደረጃውን የጠበቀ የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመቱ 105፣ ስፋቱ 68 ሜትር ነው፤ ዙሪያው 346 ሜትር ይሆናል። ሃያ አምስት ዙር የሮጠ ልጅ 10 ኪሎ ሜትር የጨረሰ ይመስለዋል፤ የሮጠው 8,650 ሜትር ነው። ከዚያ ሰዓቱን ይዞ አዲስ አበባ ይመጣና ለሚኒማ (ለማለፊያ ሰዓት) ሲሮጥ እንባው ይመጣል። ይህ ነገር በጣም ያሳዝነኛል፤ ልጁ ሰነፍ ስላልሆነ፣ ማንም ሜዳውን ለክቶ ስላልነገረው ነው። የትምህርት ቤት ሜዳዎች ደግሞ ከደረጃው ያነሱ ስለሚሆኑ ጉድለቱ ከዚህም ሊከፋ ይችላል።

መፍትሔው ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው። የማይለጠጥ ሲባጎ ፈልጉ፤ ከግንበኛ በተዋሱት ሜትር 20 ሜትር ለክታችሁ ቁረጡ። ሜዳማ በሆነ መንገድ ላይ፣ ዳገትና ቁልቁለት ብዙም በሌለበት፣ ሲባጎውን 25 ጊዜ እየዘረጋችሁ 500 ሜትር ለኩ። ሁለቱን ጫፎች ማንም በማያነሳው ትልቅ ድንጋይ አመልክቱ። ደርሶ መልስ 1 ኪሎ ሜትር ሆነ ማለት ነው። መዞሪያው ላይ አንድ ሁለት ሰከንድ ይባክናል፤ ግን በየሩጫው ስለሚባክን ከራስ ጋር ለመወዳደር አያስቸግርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጎ መያዝ ያሻል። ሁለት ዓይነት ስሕተት አለ። አንደኛው ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ልክ የሚያሳስት ነው፤ መንገዳችሁ 1,000 ሜትር ተብሎ በእውነቱ 990 ቢሆን፣ ዛሬና የዛሬ ወር ያለው ልዩነት አሁንም እውነተኛ ነው። ሁለተኛው ዛሬ ወዲህ ነገ ወዲያ የሚወስድ ነው፤ እርሱ ይበልጥ አደገኛ ነው። በስልክ ላይ ያሉት ርቀት ለኪዎች ብዙ ጊዜ የዚህ ዓይነት ናቸው። ስልኩ በየጥቂት ሰከንዱ የቆማችሁበትን ቦታ ነጥብ እየወሰደ ነጥቦቹን በቀጥታ መስመር ያገናኛል፤ ስለዚህ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ማዕዘን ይቆርጣል፤ ከረጃጅም ዛፎችና ከገደል አጠገብ ደግሞ ነጥቡ ይንሸራተታል። ለረጅም ሶምሶማ ይበቃል። የ1 ኪሎ ሜትርን ሰዓት ለመያዝ ግን ሲባጎው ይሻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ከፍታ ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 73 በመቶ ያህል ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህ በሰዓት ላይ ምን እንደሚያደርግ ዓለም በግልጽ ያየው በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ነው፤ ከተማዋ 2,240 ሜትር ላይ ናት። በ10,000 ሜትር ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ በ29:27.4 ሲያሸንፍ ማሞ ወልዴ በ29:28.0 ሁለተኛ ሆነ። የዚያን ጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን የአውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ 27:39.4 ነበር። ክላርክ ራሱ ስድስተኛ ሆኖ ገብቶ መሬት ላይ ወደቀ፤ ኦክስጅን ተሰጠው። ማሞ በዚያው ኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው በ2:20:26.4 ነው፤ አበበ ቢቂላ ከአራት ዓመት በፊት ቶኪዮ ላይ የሮጠው 2:12:11.2 ነበር። የኦሊምፒክ ሩጫ የስልት ሩጫ ስለሆነ፣ መንገዱና አየሩም ስለሚለያይ ልዩነቱ ሁሉ የከፍታ ነው ማለት አይቻልም። ትልቁ ድርሻ ግን የእርሱ ነው።

ስለዚህ መካነ ሰላም ላይ 17:30 የሮጠ ልጅ ያንን ሰዓት በቴሌቪዥን ከሚያየው የአውሮፓ ውድድር ጋር አጠገብ ለአጠገብ አያስቀምጠው። ከዚያ ይልቅ በዚያው ድንጋይና በዚያው ድንጋይ መካከል ካለፈው ወር ራሱ ጋር ያስቀምጠው። ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ የሮጠ ቀን አየሩ ይወፍርለታል፣ ሙቀቱ ግን ይበላዋል፤ ያ ሰዓት በሌላ ገጽ ላይ ይጻፍ።

ደብተሩ ላይ ከሰዓቱ ሌላ ምን ይጻፍ? ቀኑና ሰዓቱ (ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የተሮጠና ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የተሮጠ አንድ አይደሉም)፣ ነፋስ፣ ጭቃ፣ ትናንት የተተኛበት ሰዓት፣ ምን እንደተበላ፣ ጾም ከሆነ ጾም መሆኑ። በአካባቢው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ይሮጣል፤ በዐቢይ ጾምም በረመዳንም ሰዓቱ ቢዘገይ ከደብተሩ ላይ ምክንያቱ ወዲያው ይታያል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በጭቃ የተሮጠውን ከታኅሣሥ ደረቅ መሬት ጋር አነጻጽሮ «አቅሜ ጨመረ» ማለትም እንዲሁ አያዋጣም።

አንድ ቀን ብቻውን ብዙ አይናገርም። ትዕግስት አሰፋ በ800 ሜትር ያደገች ሯጭ ናት፤ በ2016 ሪዮ ኦሊምፒክ የሮጠችውም በዚያው ርቀት ነው። በ2022 መጀመሪያ ላይ ሪያድ ላይ በሮጠችው ማራቶን ያስመዘገበችው 2:34:01 ነበር። በዚያች አንዲት ቁጥር ቢፈረድባት ወደ አጭሩ ርቀት ተመለሺ የሚላት አይጠፋም ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም በርሊን ላይ በ2:15:37 አሸነፈች።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ አሠልጣኞች ሁሉ ቢያውቁት የምመኘው ነገር አለ። የማንኛውም ሯጭ ሰዓት በእውነተኛ አቅሙ ዙሪያ ከፍ ዝቅ ይላል። በጣም ጥሩ በሆነበት ቀን እንቅልፉም፣ ነፋሱም፣ ስሜቱም አብረው ገጥመውለታል። ሁሉም በሚቀጥለው ሳምንት ዳግም መግጠማቸው ስለማይጠበቅ ቀጣዩ ሰዓት ብዙ ጊዜ ይዘገያል። በጣም መጥፎ ከሆነው ቀን በኋላ ደግሞ በተቃራኒው ይሻሻላል። ይህን ያላወቀ አሠልጣኝ ልጁን ጎበዝ በሆነበት ቀን ያመሰግነዋል፤ በሳምንቱ ሰዓቱ ሲዘገይ «ምስጋና አበላሸው» ይላል። በወደቀበት ቀን ይቆጣዋል፤ በሳምንቱ ሰዓቱ ሲሻሻል «ቁጣዬ ሠራ» ይላል። ምስጋናውም ቁጣውም ምንም ሳይሠሩ ቁጥሩ በራሱ ወደ መሃሉ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ እየተባለ ስንት ልጅ ያለ ጥፋቱ ተሰድቧል። መድኃኒቱ የአራት ሩጫ አማካይ ወስዶ ከቀደሙት አራት ሩጫዎች አማካይ ጋር ማወዳደር ነው። በዚያ መካከል ያለውን መውጣትና መውረድ ልጁ እያየ ይለፈው።

ሌላ አንድ ቁጥር ብቻ ልጨምር፤ ከዚህ በላይ መጻፍ ደብተሩን ያስተዋል። ጠዋት ከመኝታ ሳይነሱ የልብ ምትን መቁጠር ነው። ሁለት ጣት አውራ ጣት በሚጀምርበት በኩል ባለው የእጅ አንጓ ላይ አድርጎ 30 ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት። ቁጥሩ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ከጓደኛ ጋር አይወዳደሩበትም። የራስ የተለመደ ቁጥር በሁለት ሳምንት ውስጥ ይታወቃል። ከዚያ አንድ ጠዋት ከተለመደው 8 ወይም 10 ምት ጨምሮ ከተገኘ ሰውነት ገና አላረፈም ይሆናል፣ ወይም ጉንፋን እየመጣ ይሆናል፤ የዚያን ቀን የፍጥነት ሥራ ትቶ ሶምሶማ መሮጥ ወይም ማረፍ ይገባል።

በ3:10 የጀመረው ልጅስ? ለእርሱ የሚሰጠው ልምምድ አጭርና ግልጽ ነው። በሳምንት አንድ ቀን 5 ኪሎ ሜትሩን ይሮጣል፤ ጓደኛው በመጀመሪያው 500 ሜትር ድንጋይ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ይጠራለታል። ጥሪው 1:45 መሆን አለበት። 1:35 ከሆነ ፍጥነቱን ይቀንስ። መጀመሪያ ላይ ይህ በጣም ያንቀራፈፈው ይመስለዋል፤ አብረውት የሚሮጡት 20 እና 30 ሜትር ይቀድሙታል፤ ከዳር «ጨምር!» የሚለው አይጠፋም። የመምህሩ ሥራ እዚህ ላይ ልጁን ከዚያ ጩኸት መጠበቅ ነው።

ከአራት ሳምንት በኋላ በዚያው መንገድ፣ ቀድሞ በሮጠበት የቀን ሰዓት ሮጦ መስመሩን እንደገና ያንብበው። ቀድሞ መታየት ያለበት ጠቅላላው ሰዓት አይደለም፤ በፈጣኑና በዘገየው ኪሎ ሜትር መካከል ያለው የሰዓት ልዩነት ነው። መጀመሪያ በ3:10 እና በ3:46 መካከል 36 ሰከንድ ነበር። ወደ 15 ሰከንድ ወርዶ ጠቅላላው 17:30 ላይ ቢቆም እንኳ ልጁ አድጓል፤ ያንኑ ሰዓት ባነሰ ድካም ሮጦታል። ልዩነቱ 10 ሰከንድ አካባቢ ሲደርስ የ500 ሜትሩ ጥሪ ከ1:45 ወደ 1:43 ይውረድ፤ ሌላ አራት ሳምንትም በዚያ ይሠራ።